በሰው ተራ የተቆጠሩት ሁለቱ ውሾች

ሁለት ውሾች እንደ ሰው ተቆጥረው የጎረቤቴ የእረኝነት ተራ ቀረላት፤ እኔ ግን በገዛ እግሬ ስወጣ ስገባ ኖርኩ። ይህ በደል ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። ውሾቹም የሉም፣ ተራውም ቀርቷል። ቢሆንም አንድ ቦታ ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። የተማርኩት ትንሽ ነው፤ ያንንም ትንሽ እነዚያው ውሾች ሊያስቀሩብኝ ነበር።

ልጆቼ ይሄን ባነሳሁ ቁጥር ቅናት ነው ይሉኛል። ቅናት ነው፤ መቼ ካድኩ። የቀናሁበት ነገር ግን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ስለቀናሁ ውሸት አይሆንም።

መንደራችን ከዘንገና ሐይቅ ትንሽ ራቅ ብላ ነበረች። ዛሬ እንጅባራ የሚባለውን ከተማ ያኔ ኮሶ በር ነበር የምንለው። በደርግ ጊዜ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት ይግቡ ሲባል በጎቻችን ያለ እረኛ ቀሩ። መንደሩ ተመካከረና የሁሉም በግ አንድ ላይ ይውጣ፣ በተራ እንጠብቅ አለ። ተራው የደረሰው ቤት አንድ ሰው ያወጣል። የሚወጣው ባል ይሁን ሚስት አይጠየቅም፤ ብቻ ሰው ይውጣ። ከእኛ ቤት የምወጣው እኔ ነበርኩ፤ ባሌ ከሞፈርና ከቀንበር አይላቀቅም።

የበጎቹ ባለቤት የሚለየው በጆሮ ምልክት ነው። የእኔዎቹ የግራ ጆሯቸው ጫፍ የተቆረጠ፣ የጎረቤቴ የቀኝ ጆሯቸው መሀሉ የተሰነጠቀ ነበር። በዚህ አንድ ነገር ስም ነበረኝ። ማዶ ካለው ተረተር ላይ የቆመ በግ የማን እንደሆነ በጆሮው እለያለሁ። ሰዎች እየተወራረዱ ይጠይቁኝ ነበር፤ ስቼ አላውቅም። ሌላ የምመካበት ነገር አልነበረኝም።

ጎረቤቴ ከዳንግላ ተድራ የመጣች ናት። አጥራችን አንድ ነው፣ ዕድሜያችንም እኩያ። ከተማ ያደገች ስለሆነች አማርኛው አፏ ላይ ነው። እኔ በቤቴ አውኚ፣ አገውኛውን፣ ስናገር ያደግሁ፣ አማርኛን ከገበያ የለቀምኩ ነኝ። ነጠላዋ አይቆሽሽም። ተረከዟ አልተሰነጠቀም። ጥጡን ፊቷ ላይ አስጠግታ ስትፈትል ክሯ እንደ ፀጉር ቀጭን ይወጣል፤ የመንደሩ ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው እሷ ደጅ ይሰበሰባሉ። የእኔን ክር አይቶ ያመሰገነ የለም። ይህም ሁሉ ይቅር፤ ሰላምታዋ ነበር የሚያንገበግበኝ። አፍንጫዋ ሥር ካልደረስኩ በቀር ሰላም አትለኝም። ከማዶ እጄን ባወዛውዝ ወደ እኔ እያየች ዝም ብላ ታልፋለች። ኩራት ነው ብዬ ያዝኩባት።

ባሏ ፈረስ ይነግዳል፤ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት አይገኝም። ሁለቱን ቡችሎች ከግምጃ ቤት ገበያ ሲመለስ ይዟቸው መጣ። አንዱ ነጭ ነው፣ አንዱ ቡላ። ገና ዓይናቸው እንደተገለጠ ከበጎቹ ጋር በረት ውስጥ ዘጋባቸው። የሚበሉትንም እዚያው በረቱ ውስጥ ይሰጣቸዋል። በግ እየላሳቸው፣ በግ ላይ ተደግፈው እየተኙ አደጉ። ሲያድጉ የጥጃ ያህል ሆኑ። በጎቹ ሲወጡ ይወጣሉ፣ ሲገቡ ይገባሉ፤ ማንም ሂዱ አላላቸውም።

አንድ ክረምት ጅብ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ይመጣብን ጀመር። በተለይ ጉም ሲወርድ ከጥርባ በኩል ካለው ጫካ ወጥቶ ከመንጋው መሀል ይገባል። እነዚያ ሁለቱ ውሾች በአንድ የጉም ቀን ሁለት ጅብ አባረሩ፤ ነጩ ጆሮው ተቀደደ። መንደሩ በደስታ አበደ። እኔ ያኔ ዳንግላ ነበርኩ፤ እህቴ ወልዳ አራስ ቤት ላግዛት ሄጄ ነው። ስመለስ ነገሩ አልቆ ቆየኝ። የእሷ ውሾች በየቀኑ ስለሚወጡ ተራዋን እነሱ ይያዙላት፣ እሷ ከእንግዲህ አትውጣ ተብሏል። ማን አለ ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም አሉ። እኔ ሳልጠየቅ እንዴት ሁሉም ይባላል ብዬ ባሌን ይዤው ዋልኩ። እሱም፣ እነዚያ ውሾች ባይኖሩ የምትጠብቂው በግም አይኖርሽም ብሎኝ ወደ እርሻው ሄደ። የገዛ ባሌ የጎረቤቴን ውሾች ሲያወድስ መስማት እንዴት እንደሚቆርጥ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ተራው ከአንድ ቤት ሲጎድል ለሌሎቻችን ቶሎ ይደርሳል። እኔ ዝናብ ላይ ገሳ ለብሼ ስቆም እሷ ደጇ ላይ ትፈትላለች። ስመለስ ክሯ ተጠንጥኖ አየዋለሁ።

ውሾቹ ታዲያ በጎቹ ከገቡ በኋላ የባለቤታቸው ደጅ አይበቃቸውም። አጥሩን ዘለው እኔ ግቢ ይገባሉ። የድንች መደቤን ቆፈሩት። ዶሮዬ የታቀፈችውን እንቁላል በሉ። ላደርቅ የወጠርኩትን አጎዛ ከችንካሩ ነቅለው አኘኩት። አጥሩ ላይ የቀጋ እሾህ ደረብኩበት፤ ከቀጋው በላይ ዘለሉ። ሄጄ ስነግራት እንዝርቷን ሳታስቀምጥ ውሻ ነው፣ ምን ላድርገው አለችኝ። በሷ ተራ ጊዜ ሰው ነው፣ በኔ እንቁላል ጊዜ ውሻ ነው ማለት ነው።

አንድ ቀን ነጩን አጎዛው አፉ ውስጥ እንዳለ ያዝኩት። በጠፍር አሰርኩና ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቤት ይዤው ሄድኩ። እየጎተትኩ የምወስደው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጅራቱን እየቆላ ከፊቴ ከፊቴ ይሄዳል፣ አጎዛውንም አልለቀቀም። መንደሩ በር ላይ ወጥቶ አየን። አንዷ ሴት፣ እቴ፣ ማን ማንን አስሮ ነው የሚሄደው አለች። ሊቀመንበሩ እኔንም ውሻውንም አየና፣ “ይሄ ተከሳሽ ነው ወይስ ምስክር?” አለኝ። ደጁ ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ጠፍሩን ፈትቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ውሻው ከእኔ ቀድሞ እኔ ደጅ ደርሶ ተኝቶ አገኘሁት።

ከዚያ መሠረተ ትምህርት መጣ። ከዳንግላ አንዲት አስተማሪ ተላከችልን። ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ እንሰበሰባለን። ፊደል መቁጠር እንዲህ ደስ የሚል ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል “ላም” ነው፤ ቀኑን ሙሉ በአፌ ይዤው ዋልኩ። ግን የተራ ቀኔ ሲደርስ ትምህርቱ ያመልጠኛል። በማግስቱ ስገባ ሌሎቹ ሌላ ገጽ ላይ ናቸው። ጎረቤቴ አንድም ቀን አልቀረባትም። ከፊት ከሰሌዳው ሥር ትቀመጣለች። መጽሐፉን አፍንጫዋ ጋ አስጠግታ ውኃ እንደሚጠጣ ሰው ታነበዋለች። አስተማሪዋ፣ እንደሷ አንብቡ ትለናለች። ከኋላ ተቀምጬ ማጅራቷን አያለሁ። እሷን ያስተማሯት ውሾቹ ናቸው፤ እኔን ያደነቆሩኝም እነሱ እላለሁ በሆዴ።

የንባቡ ፈተና ቀን ሲነገር ተራዬ በዚያው ቀን ዋለ። ያለፈ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ያልመጣ ሌላ ዙር እስኪከፈት ይጠብቃል። የሚቀይረኝ ሰው በየቤቱ ዞሬ ለመንኩ። አንዱ አረም አለብኝ አለ፣ ሌላዋ እኔም ተፈታኝ ነኝ አለች። በመጨረሻ ሞቴ እንደሆነ እያወቅሁ እሷ ደጅ ሄድኩ። ጠዋቱን ብቻ ያዢልኝ፣ ከፈተናው በኋላ እኔ እቀበልሻለሁ አልኳት። ፊቷ ቀላ። ከዚያ፣ የእኔ ተራ በየቀኑ እየወጣ አይደለም ወይ አለችኝ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በፈተናው ጠዋት በጎቹን አወጣሁ። ውሾቹ እንደ ልማዳቸው ተከተሉ። እስከ ግጦሹ አደረስኳቸውና ነጩን፣ በል እንግዲህ ሰው ነህ አሉ፣ ተራዬን ይዘህልኛል አልኩት። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ።

ፈተናው አንድ ገጽ ማንበብ ነበር፤ በየተራ እየተጠራን። ጎረቤቴ ቀድማ ተጠርታ እንደ ዥረት አነበበችው፤ አስተማሪዋ አጨበጨበች። እኔ ተጠርቼ ተነሳሁ። ሁለት መስመር ያህል አንብቤአለሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በዚያው ሰው እየጮኸ ገባ። በጎቹ የማኅበሩን ገብስ እየበሉ ነው።

ሁላችንም ሮጥን። ስንደርስ በጎቹ ገብሱ መሀል ናቸው፤ ጀርባቸው ብቻ ይታያል። ውሾቹ አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ ዳር ቁጭ ብለዋል። ገብስ የሚበሉትን በጎች ከጅብ ይጠብቃሉ። ሊቀመንበሩ ዱላ ይዞ ወደ ማሳው ሲቀርብ ነጩ ተነሳና ጥርሱን አሳየው። በግ ከሰብል መመለስ የእነሱ ሥራ አይደለም፤ ሰው ከበግ መመለስ ግን ሥራቸው ነው። ጎረቤቴ መጥታ ስማቸውን እስክትጠራ ድረስ የማኅበሩ አመራር ሁሉ ከማሳው ውጭ ቆሞ ጠበቀ። እኔ ሳቄ መጣ፤ አልሳቅሁም። ያነበብኳት ሁለት መስመር ናት የታየችኝ።

በማግስቱ በሸንጎ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ የትናንት እረኛ ማን ነበር አለኝ።

“ውሾቹ።”

“ተራው የማን ነበር ነው የምልሽ።”

“የእኔ። እኔም ውሾቹን አወጣሁ። እሷ ውሾች ስታወጣ ሰው ወጣ ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። እኔ ሳወጣ ምን ጎደለ?”

“ውሾቹ እኮ የአንቺ አይደሉም።”

“ታዲያ የማንን እንቁላል ነው የሚበሉት?” አልኩት።

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ለሳቅ አልመጣሁም። ነጠላዬን አደግድጌ እንዲህ አልኩ፦ “ጓድ ሊቀመንበር፣ ውሻ ሰው ከሆነ ስለ ገብሱ ይጠየቅ። ሰው ካልሆነ ተራው የባለቤቱ ነው። አንዱን ምረጡ። ሁለቱን አንድ ላይ አልቀበልም።”

ከሸንጎው አንዱ ሽማግሌ በአውኚ፣ እውነቷን ነው አሉ። ሌሎቹም ተጠጋግተው አወሩ። ፍርዱ ይሄ ሆነ፤ ከእንግዲህ ተራ የሰው ነው፣ ጎረቤቴም እንደ ሁላችን ትወጣለች። በጎቹ ሲገቡ ውሾቹ ይታሰራሉ። እኔ ደግሞ በጎቹን ጥዬ ስለሄድኩ የማኅበሩን ማሳ አርማለሁ። ማረሙን ተቀበልኩ፤ ትክክል ነው። ቀና ብዬ ሳያት ጎረቤቴ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። ደስ አለኝ። ልዋሽ አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ።

የመጀመሪያ ተራዋ ዕለት ሥራዬን ጥዬ ከግጦሹ በላይ ካለው ተረተር ላይ ተቀመጥኩ። ስትቸገር ላያት ነው። እሷ መንጋው መሀል ገብታ አንድ እጇን ነጩ ውሻ ጀርባ ላይ አድርጋ እሱ በሄደበት ትሄዳለች። ይህንንም ለታይታ ነው አልኩ። እዚህም ውሾቿን ሳታሳየን አትውልም አልኩ። ወደ ማታ ያረገዘችው በጌ ከመንጋው ተለይታ ወደ ጫካው በኩል ካለው ገደል አፋፍ ወጣች። ከእኔ ሩቅ ነበረች፤ የተቆረጠችው የግራ ጆሮዋ ግን ትታየኛለች። ጎረቤቴ ወደዚያው ዞረች። ፊቷን ቀጥ አድርጋ ወደ በጌ አየች። ከዚያ ፊቷን መልሳ መንጋውን ይዛ ሄደች።

ከተረተሩ እየሮጥኩ ስወርድ በጊቱ የለችም። በማግስቱ ሱፍ ብቻ አገኘን።

“አይተሻት ነው የተውሻት” አልኳት በሰው ፊት።

“አላየኋትም።”

“በሁለት ዓይንሽ ስታያት አይቼሻለሁ። ለሸንጎው ነው የተበቀልሽኝ?”

መልስ አልሰጠችኝም። ሰው መሀል ገባ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ምትክ የሚሆን በግ ባሏ ሰጠኝ። በጉን ተቀበልኩ። መልሱ ግን ቀረብኝ። ዓመት በዓል ሲሆን እንኳን አደረሰሽ እንባባላለን፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለንም። በሚቀጥለው የመሠረተ ትምህርት ዙር አንብቤ የምስክር ወረቀቴን ያዝኩ፤ የእሷ ግን ከእኔ ቀድሞ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል። ውሾቹም በየማታው ታስረው ሲያላዝኑ ከአጥር ማዶ እሰማቸዋለሁ። አሁንስ እሪታቸው ከዝላያቸው ባሰ ብዬ ይፈቱልኝ ስል ሊቀመንበሩ፣ አንቺ ሴት፣ በመጀመሪያ የሚያስፈልግሽን እወቂው ብሎ አባረረኝ። ተፈቱና እኔው ደጅ መጥተው ተኙ። ነጩ ያረጀው እኔ ደጅ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልመገብኩትም።

ደርግ ሄደ። ልጆቻችን ተዳሩ፣ የልጅ ልጅ አየን። ያቺ በግ ግን ከሆዴ አልወጣችም። በጊቱ አይደለችም፤ ያ ፊት መመለስ ነው።

በኋላ ባሕር ዳር የምትኖረው የጎረቤቴ ልጅ እናቷን ሐኪም ቤት ልታሳያት ወሰደቻት። መሄዷን ሰምቻለሁ፣ አልጠየቅሁም። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከማሳው ማዶ አንዲት ሴት እጇን ከፍ አድርጋ አወዛወዘችልኝ፤ ስሜንም ጠራች። ጎረቤቴ ናት፤ በኑሮዬ ከማዶ ጠርታኝ አታውቅም። ስቀርብ ዓይኗ ላይ መነጽር አለ፤ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ውፍረት ያለው።

ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብሳናው ላይ ወፍ አለ አለችኝ። አለ አልኳት። እዚያ ተረተር ላይ ደግሞ ፍየሎች አሉ አለች። አሉ አልኳት። ያኔ የሁሉም ነገር መልክ ተለወጠብኝ። ፊቷ ላይ የተጠጋው ጥጥ፣ አፍንጫዋ ላይ ያለው መጽሐፍ፣ ውሻው ጀርባ ላይ ያለው እጅ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኳት።

“ከልጅነቴ። ከዚህች ብሳና ወዲያ ያለው ሁሉ ለእኔ ጉም ነበር።”

“በጊቱን አላየሻትም ማለት ነው።”

“አላየኋትም ብዬሻለሁ እኮ።”

ብላኛለች። እኔ ነኝ መልስ አይደለም ያልኩት። እንዲህም ሆኖ በደሉ በደል ነው፤ እኔ ዝናብ ላይ ቆሜአለሁ፣ ፊደልም ቀርቶብኛል። ይህን ነገርኳት። ብትነግሪኝ ኖሮ ተራሽን እኔ እወጣልሽ ነበር፣ አንቺም ያመለጠኝን ገጽ ታስጠኚኝ ነበር፤ እኩል ለእኩል እንሆን ነበር አልኳት።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ያለ መነጽር ዓይኗ ትንሽ ነው። መልሳ ካደረገችው በኋላ ነው የመለሰችልኝ።

“ለሌላው ሁሉ ብነግር ግድ አልነበረኝም። አንቺ ግን ማዶ የቆመችን በግ በጆሮዋ ትለያለሽ። ለአንቺ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?”